ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? የተጠበቀው ከርነል ታሪክ ከምዕራብ ጎጃም ሲታይ

በዩኒክስ ቤተሰብ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ውስጥ «ሩት» የሚባለው ተጠቃሚ የማይደርስበት ነገር የለም ይባላል። የማንንም ፋይል ያነባል፣ ይጽፍበታል፣ ያጠፋዋል፤ የሌላውን ሥራ ያስቆማል፤ ሲያሻው ማሽኑን ያጠፋል። ከ1993 ወዲህ ግን (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይኸው ባለሙሉ ሥልጣን የሥርዓቱን እምብርት የያዘውን የከርነል ፋይል በአዲስ ልተካ ሲል በአንዳንድ ማሽኖች ላይ «አይፈቀድም» የሚል አጭር መልስ ይገጥመዋል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ዝርዝር ይመስላል። ታሪኩን ተከትሎ የሄደ ሰው ግን የሥልጣን ጉዳይ ሆኖ ያገኘዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚከተለው ነው፦ በከርነል ላይ የተበጀው መቆለፊያ ሲጀመር ዓላማው ለውጥን ማገድ ሳይሆን ለውጡን የሚያደርገው ሰው የት ቦታ መቆም እንዳለበት መወሰን ነበር። ያ ቦታ መጀመሪያ ማሽኑ አጠገብ ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግን ቁልፉ ቀስ በቀስ ወደ አምራቹ እጅ ሄዷል። ከአምራቹ እጅግ የራቁት እንደ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና መራዊ ያሉ የጎጃም ከተሞች ደግሞ የዚህ ጉዞ ዋጋ ጎልቶ የሚታይባቸው ናቸው።

ዩኒክስ በ1969 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም፣ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲጀመር ከርነሉ የተለየ ዘብ አልነበረውም። ከርነል ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ ወደ ሚሞሪ የሚገባው፣ ፕሮሰሰሩን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን ለሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። ዲስክ ላይ ሲታይ ግን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ስም ያለው አንድ ፋይል ነው፤ በቤል ላብስ ስሪት «ዩኒክስ»፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ስሪት «ቪኤምዩኒክስ»፣ ኋላ ከበርክሌዩ ስሪት በወረደው ፍሪቢኤስዲ «ከርነል» ተብሏል። በ1973 ከርነሉ በሲ ቋንቋ እንደገና ከተጻፈ በኋላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ ተቀብለው ከራሳቸው ማሽን ጋር እያስማሙ ያሠሩት ነበር። አዲስ ዲስክ የተገዛ እንደሆነ ከርነሉን መልሶ መገንባት፣ የቀድሞውን ስሙን ቀይሮ ማቆየት፣ አዲሱን በቦታው አስገብቶ ማሽኑን ማስነሣት የዘወትር ሥራ ነበር። የፋይል ፈቃዱም ደንብ ይህንኑ ልማድ የተከተለ ነው፦ ተራ ተጠቃሚ ከርነሉን አይነካም፣ ሩትን ግን የሚጠይቀው የለም። አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ እዚህ ላይ ይጨመራል። በዩኒክስ አንድን ፋይል ማጥፋት ወይም ስሙን መቀየር የሚፈቀደው በፋይሉ ላይ በሰፈረው ፈቃድ ሳይሆን ፋይሉ በተቀመጠበት ማውጫ ፈቃድ ነው። ስለዚህ «ይህ ፋይል አይጻፍበት» ተብሎ መታዘዙ ብቻውን ፋይሉ ተነሥቶ ሌላ በቦታው እንዳይገባ አያደርግም። ከርነልን በእርግጥ ለመጠበቅ ከተራው ፈቃድ በላይ የሆነ ነገር ያስፈልግ ነበር።

የዚህ ነገር አስፈላጊነት የታየው ማሽኖቹ በኔትወርክ ከተሳሰሩ በኋላ ነው። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል በበርክሌይ ዩኒክስና በሳን ኩባንያ ማሽኖች ውስጥ ተሠራጭቶ፣ በጊዜው እንደተገመተው 6,000 ያህል ማሽኖችን አዳርሷል። ትሉ ከርነል አልለወጠም። ያሳየው ነገር ግን ከዚያ አያንስም፦ ማንም ሰው ማሽኑ ያለበትን ክፍል ደጃፍ ሳይረግጥ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የገባው ሰው ሩት ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ድል ከርነሉን መተካት ነው፤ ምክንያቱም የትኛው ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ፣ የትኛው ፋይል እንዳለ ለአስተዳዳሪው የሚነግረው ከርነሉ ራሱ ነው። ምስክሩ ከተገዛ በኋላ ፍርድ የለም። ኬን ቶምፕሰን የቱሪንግ ሽልማቱን ሲቀበል በ1984 ባሳተመው ንግግር የዚሁ ችግር ሥር ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፦ የምንጩን ጽሑፍ አንብቦ መመርመር፣ ምንጩን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም ራሱ የተበከለ ከሆነ፣ ዋስትና አይሰጥም።

የበርክሌይ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ምርምር ቡድን በ1993 ባወጣው 4.4ቢኤስዲ በተባለው የዩኒክስ ስሪት የሰጠው መልስ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በፋይል ላይ የሚደረግ «የማይለወጥ» የሚል ምልክት ነው። ይህ ምልክት ያለበት ፋይል አይጻፍበትም፣ ስሙ አይቀየርም፣ አይጠፋም፤ የማውጫው ፈቃድም ይህን አይሽረውም። ሁለተኛው «የጥበቃ ደረጃ» የተባለው፣ ከርነሉ ራሱ የሚይዘው ቁጥር ነው። ማሽኑ ሲነሣ ደረጃው 0 ነው፤ መደበኛ ሥራ ሲጀመር ወደ 1 ከፍ ይላል። ደረጃው 1 ከሆነ በኋላ ሩትም ቢሆን ምልክቱን ማንሣት፣ በሚሞሪ መንገድ ዞሮ ከርነሉ ላይ መጻፍ አይችልም። ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ ደረጃው ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ስለዚህ ከርነሉን ሊተካ የፈለገ አስተዳዳሪ ማሽኑን ከመደበኛ ሥራ አውጥቶ አንድ ሰው ብቻ ወደሚያዝበት ሁኔታ ማውረድ አለበት፤ በዚያ ሁኔታ ደግሞ ኔትወርክ የለም፣ ትእዛዝ የሚሰጠው በኮንሶሉ፣ ማለትም ከማሽኑ ጋር በቀጥታ በተያያዘው የቁልፍ ሰሌዳ ነው። የጥበቃው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የይለፍ ቃል ከሩቅ ሊሰረቅ ይችላል፤ በክፍሉ ውስጥ መገኘት ግን ከሩቅ አይሰረቅም። ዲዛይነሮቹ ለለውጡ የጠየቁት አንድ ተጨማሪ ምሥጢር ሳይሆን የሰውየውን አካል ነው።

መቆለፊያው አከፋፈቱም ደንብ ነበረው፤ ደንቡም መቆለፊያውን ለማብራራት ከማንኛውም መግለጫ የተሻለ ማስረጃ ነው። በ1990ዎቹ የፍሪቢኤስዲ አስተዳዳሪ አዲስ ከርነል ሲያስገባ ሥራው በተርታ ይሄድ ነበር፦ «ቺፍላግስ» በተባለው ትእዛዝ ምልክቱን ያነሣል፤ ነባሩን ከርነል «የቀድሞው» ብሎ ይሰይመዋል፤ አዲሱን በቦታው ያስገባል፤ ምልክቱን መልሶ ያኖራል። ይህ ቅደም ተከተል በመጫኛ ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ የኖረ ነው። የቀድሞው ከርነል የሚቆየው ለክብሩ አይደለም። አዲሱ አልነሣ ካለ አስተዳዳሪው ኮንሶሉ ላይ ሆኖ ማሽኑን በቀድሞው እንዲያስነሣው ነው። እንግዲህ ደንቡ ሦስት ነገር አሟልቷል ማለት ነው፤ ለውጥ ይፈቀዳል፣ ለውጡ በባለቤቱ ፊት ይደረጋል፣ ካልሆነም ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። «የማይለወጥ» የተባለው ፋይል በተግባር በሥርዓት የሚለወጥ ፋይል ነበር።

ለጎጃም አንባቢ ይህ አስተሳሰብ ከባዕድ አገር የመጣ አይመስለውም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሞጣ ጊዮርጊስና በሌሎች የጎጃም አድባራት የመሬት ድልድል፣ ሽያጭና ውርስ በቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ ከዕቃ ቤት አይወጣም፤ ውሉ ሲጻፍ ምስክሮች በስም ይዘረዘራሉ፤ የሚያፈርሰው ማንም ይሁን ማን ውግዘት ይጻፍበታል። ይህ ሁሉ መሬት ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፍ የተደረገ እገዳ አልነበረም፤ እንዲያውም መዝገቡ በዝውውር የተሞላ ነው። የተከለከለው በስውር መለወጥ ነው። ብራና ቢፋቅ ጠባሳው ይታያል፤ አዲስ ውል ግን መጽሐፉ ባለበት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሲጻፍ ሕጋዊ ነው። በአንጻሩ መዝገቡን የሚያዘው ሩቅ ያለ አካል ሲሆን ምን ስሜት እንደሚፈጠር የ1967 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም ያስነሣው ዐመፅ ያሳያል። ባላገሩ የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም ያስቆጣው፤ መሬት ሊገምቱ የሚመጡት ሰዎች ርስቱን ከእጁ ሊያወጡ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበረው። መንግሥት በ1968 ሥራውን ለማቆም፣ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴንም ከጎጃም ለማንሣት ተገዷል። ንጽጽሩ ገደብ አለው፤ ርስት ፋይል አይደለም፣ ውግዘትም ኮድ አይደለም። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፦ ሕዝብ የሚተማመንበት መዝገብ የሚጠበቀው ለውጡ በማን ፊት እንደሚደረግ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ ከራሳቸው ይመጣል፦ መቆለፊያው ደካማ ነበር ይላሉ። ማስረጃቸውም ቀላል አይደለም። ፍሪቢኤስዲ ሲጫን የጥበቃ ደረጃው ከ0 በታች በሆነው -1 ላይ ስለሚቆይ ምልክቱ ቢኖርም ሩት በአንድ ትእዛዝ ያነሣዋል። ደረጃው ከፍ ቢደረግ እንኳ ከርነሉን ብቻ መጠበቅ አይበቃም፤ ማሽኑ ሲነሣ ደረጃው ከፍ እስኪል ድረስ የሚነበቡት ፕሮግራሞችና የማስጀመሪያ ጽሑፎች ሁሉ ካልተቆለፉ ጠላት እነሱን ለውጦ ቀጣዩን መነሣት ይጠብቃል። ሌላው የበርክሌይ ዘር ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ ከ2017 ወዲህ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር የከርነሉ ክፍሎች በአዲስ ቅደም ተከተል ይገጣጠሙና ለሚቀጥለው መነሣት የተለየ ከርነል ይዘጋጃል። አጥቂው የሚፈልገው የከርነል ክፍል የት እንዳለ እንዳያውቅ ነው። በጥበቃ ስሙን ያስጠራ ሥርዓት ከርነሉን ዘወትር የሚለውጥ ከሆነ አለመለወጥ የደኅንነት ሌላ ስሙ ሊሆን አይችልም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ክርክሩን ግን አያፈርሰውም፣ ያጠነክረዋል እንጂ። የምልክቱ ዋጋ በፋይሉ አለመለወጥ ላይ ቢሆን ኖሮ ኦፕንቢኤስዲ ይረታው ነበር። ዋጋው ግን ለውጡ በታወቀ መንገድና በታወቀ እጅ መደረጉ ላይ ነው፤ ኦፕንቢኤስዲም ከርነሉን የሚለውጠው ማንም ባሰኘው መንገድ ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ በደነገገው ሂደት ነው። በደረጃ -1 ያለው ልል መቆለፊያም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ ትእዛዝ ተሳስቶ የጻፈን አስተዳዳሪ ከጥፋት ያድነዋል፣ ከርነሉን መንካት የፈለገውንም አስቦ እንዲነካ ያስገድደዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። በአካል መገኘት ውድ ነው፤ ለሩቅ ቦታ ደግሞ ይብሳል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰርቨሮች ከተቋማት ጓዳ ወጥተው ወደ ትልልቅ የዳታ ማዕከላት ሲገቡ፣ ማሽኑን ለማዘመን ኮንሶሉ ጋ ሂድ ማለት ከተማ ወይም አገር አቋርጥ ማለት ሆነ። ባሕር ዳር የተቀመጠ ባለሙያ ፍኖተ ሰላም ያለን የዞን መሥሪያ ቤት ማሽን ለማደስ መንገድ መጀመር ካለበት እድሳቱ ይዘገያል፤ ያልታደሰ ከርነል ደግሞ ከተከፈተ ከርነል የማይሻል አደጋ ነው። በዚህ ምክንያት ኢንዱስትሪው አካልን በፊርማ ተካ። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የተስፋፋው «ሴክዩር ቡት» ማሽኑ ሲነሣ የሚጫነው ነገር በታወቀ ዲጂታል ቁልፍ የተፈረመ መሆኑን ይመረምራል። ቁልፉ በአብዛኛው የማይክሮሶፍት ስለነበር ዩኒክስ መሰሉን ሊነክስ የሚያሰራጩት ሳይቀሩ ማስጀመሪያቸውን በእሱ ማስፈረም ግድ ሆነባቸው። አፕል በ2015 በኮምፒውተሮቹ ላይ ሩት የሥርዓቱን ፋይሎች እንዳይነካ ከለከለ፤ የበርክሌይን ውርስ የያዘ ሥርዓት ስለሆነ የሠላሳ ዓመቱ «ቺፍላግስ» ዛሬም እዚያው አለ፣ ከበላዩ ግን ሌላ ጌታ ተሹሞበታል። ሆኖም የአፕል ኮምፒውተር ባለቤት ማሽኑን በማገገሚያ ሁኔታ አስነሥቶ ጥበቃውን ማንሣት እንዲችል ተደርጓል። ይህ የ1993ቱ ሐሳብ ቅሪት ነው፦ ማሽኑ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አሁንም የመጨረሻው ቃል አለው።

ስልክ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። አንድሮይድ በሊነክስ ከርነል ላይ የቆመ ነው፤ ስለዚህ በቡሬ ገበያ የሚውል ነጋዴም ሆነ በቆጋ መስኖ ስንዴ የሚያመርት ገበሬ አንድሮይድ ስልክ ከያዘ በኪሱ ያለው የዩኒክስ ዘመድ ነው። በስልኩ ከርነሉ በተለየ የማስነሻ ክፍል ይቀመጣል፤ ከርነሉን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ቡትሎደሩ፣ ደግሞ ከርነሉ በአምራቹ ቁልፍ የተፈረመ መሆኑን ሳያጣራ አያስነሣም። ምርመራው በ2013 በአንድሮይድ 4.4 ገብቶ፣ ከ2016ቱ አንድሮይድ 7 ጀምሮ ጥብቅ ግዴታ ሆኗል። በኋላ ደግሞ ወደ ቀድሞው ስሪት መመለስን የሚያግድ ጥበቃ ተጨምሮበታል፤ ምክንያቱም የቀድሞው ከርነል ቀዳዳው የታወቀ ነው። ጥገና ቤት ውስጥ «ሶፍትዌር ይጫንልኝ» ወይም «ፍላሽ ይደረግልኝ» የሚለው ደንበኛ የሚጠይቀው ሥራ ከዚህ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ጠጋኙ የአምራቹን የተፈረመ ፋይል ካገኘ ስልኩ ይነሣል። ካላገኘ፣ ወይም አምራቹ ለዚያ ሞዴል እድሳት ማውጣት ካቆመ፣ የጠጋኙ እጅ ምን ቢሠለጥን ከርነሉ በቆመበት ይቀራል። ስልኩ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ከዓመታት በፊት በተገኙና በማይደፈኑ ቀዳዳዎች ነው።

እዚህ ላይ ለፊርማው የሚቀርበው መከላከያ በሚገባ መሰማት አለበት። የበርክሌዩ ሐሳብ ማሽኑ የሚቆለፍ በር ባለው ክፍል እንዳለ ታሳቢ ያደረገ ነው። ስልክ በር የለውም፤ በመናኸሪያ ግርግር ይሰረቃል፣ ታክሲ ውስጥ ይረሳል። «አጠገቡ ያለ ሰው ባለቤቱ ነው» የሚለው ግምት በሰርቨር ላይ ቢያስኬድ በስልክ ላይ ሌባውን ባለቤት ያደርገዋል። ይህ እውነት ነው፤ የ1993ቱን ደንብ እንዳለ ወደ ስልክ ማዛወር የማይቻለውም በዚህ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ቁልፉ በአምራቹ እጅ ብቻ ይቅር ማለት አንድ እርምጃ አልፎ መሄድ ነው፤ መካከለኛው መንገድ ተሠርቶ በሥራ ላይ ውሏልና። ቡትሎደርን መክፈት በሚፈቅዱ ስልኮች ላይ መቆለፊያው ሲከፈት በስልኩ ያለው የግል መረጃ በሙሉ ይጠፋል፣ ማሽኑም በተነሣ ቁጥር የተከፈተ መሆኑን በማስጠንቀቂያ ያሳውቃል። ሌባው የባለቤቱን ፎቶና መልእክት አያገኝም፤ ባለቤቱ ግን ዋጋውን አውቆ፣ መረጃውን አስቀድሞ በሌላ ቦታ አኑሮ ከርነሉን ሊተካ ይችላል። በአካል መገኘትን፣ የሚታይ ዋጋንና የማይደበቅ ምልክትን አንድ ላይ ያጣመረ ደንብ ማለት ነው። ይህን የማይፈቅዱ አምራቾች የሚከላከሉት የደንበኛውን ደኅንነት ብቻ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ስልኩ መቼ አሮጌ እንደሚባል የመወሰን ሥልጣናቸውንም አብረው ይከላከላሉ።

ይህ ክርክር በሶፍትዌሩ ዓለም ውስጥ በይፋ የተነሣው ቲቮ በተባለው የቴሌቪዥን መቅጃ ምክንያት ነው። መሣሪያው በሊነክስ ይሠራ ነበር፤ ጂፒኤል የተባለው የሊነክስ ፈቃድ እንደሚያዝዘው የከርነሉ ምንጭ ለሕዝብ ተለቋል፤ ነገር ግን ገዢው ያሻሻለውን ከርነል መሣሪያው አያስነሣም። የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2007 ባወጣው ሦስተኛ የጂፒኤል ስሪት ለቤት መገልገያነት የሚሸጥ መሣሪያ አምራች የመጫኛውንም መንገድ ለገዢው እንዲሰጥ ግዴታ አስገባ። የሊነክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ግን አልተስማማም፤ የእኔ ፈቃድ ኮዱን ይመለከታል፣ የመሣሪያው አሠራር የአምራቹ ነው የሚል አቋም ይዞ ሊነክስን በሁለተኛው የጂፒኤል ስሪት ሥር አቆየው። የቶርቫልድስ መከራከሪያ ለፕሮግራም ጸሐፊው ፍትሐዊ ነው፤ ጸሐፊው የሰጠው ኮድ ነው፣ በልዋጩም የሚጠይቀው የኮድ ማሻሻያ ነው። ለተጠቃሚው ግን ምንጩን ማንበብ መቻልና የራስን ማሽን ማደስ መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ቀሩ። የአንድሮይድን ከርነል ምንጭ ማንም ከኢንተርኔት ሊያወርደው ይችላል፤ እጁ ላይ ያለው ስልክ እንዲቀበለው ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በቤል ላብስ ዘመን ሁለቱ አንድ ነበሩ፤ ምንጩ ያለው ሰው ከርነሉን ይገነባል፣ የገነባውን ያስነሣል።

ታሪኩ ወደ አምራቹ ያዘነበለው ማንም አሲሮ ሳይሆን እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። ትሉ ምልክቱን አመጣ፣ የዳታ ማዕከላት መብዛት ፊርማውን፣ የስልክ ስርቆት ጥብቁን ምርመራ። ምክንያቶቹ ትክክል መሆናቸው ግን ድምራቸው ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ድምሩ ባለቤቱን ከውሳኔው አውጥቶታልና። ለምዕራብ ጎጃም ይህ የፍልስፍና ጥያቄ ብቻ አይደለም። የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የግብር ሰነድ ወደ ኮምፒውተር በገባ መጠን የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት ማሽን የሚያገለግለው አምራቹ እስካደሰው ብቻ ነው ወይስ ባለቤቱ እስከፈለገው ድረስ የሚለው የበጀት ጥያቄ ይሆናል። የግዢ ኮሚቴ የሚሞሪውን መጠንና የዲስኩን ስፋት እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ አምራቹ እድሳት ቢያቆም ከርነሉን መሥሪያ ቤቱ ራሱ መተካት ይችል እንደሆነ፣ ተተክቶም ከሆነ መተካቱ ይታወቅ እንደሆነ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ማስገባት ይችላል። ሁለቱንም «አዎ» የሚል ማሽን ውድ መሆን የለበትም፤ በገበያ ላይ ያለ ተራ ኮምፒውተር አብዛኛው ያሟላዋል። «አይደለም» የሚለው ግን በዋጋ ረክሶ ቢገኝም ዕድሜው ሌላ ሰው እጅ ላይ ያለ ዕቃ ስለሆነ፣ ኮሚቴው እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ኪራይ ቆጥሮ ሊያወዳድረው ይገባል።